ሱፍ ሱሪ ለሕፃን፦ መርፌ ይዤ አላውቅም፣ ከየት ልጀምር?

እናት_በኦስሎ · ጥቅምት 9

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የምኖረው ኦስሎ ነው። ልጄ ሦስት ወሩን ሊይዝ ነው። ጤና ጣቢያ ክትትል ስንሄድ ነርሷ የሱሪውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችና «ጥጥ ነው እንዴ? ከሥር ሱፍ አልብሺው» አለችኝ። እዚህ አገር ብርዱ ሲገባ ሕፃን ሁሉ ሱፍ በሱፍ ይሆናል። ሱቅ ገብቼ የአንዷን ትንሽ ሱሪ ዋጋ አየሁና ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ራሴ ብሠራውስ ብዬ አሰብኩ። ዳንቴል እችላለሁ። ቤታችን ውስጥ ያልለበሰ ሶፋና ቴሌቪዥን አልነበረም፣ ግማሹ የኔ እጅ ነው። በሁለት መርፌ ግን ሹራብ ሠርቼ አላውቅም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለጀማሪ የሚሆን ቀላል የሱሪ አሠራር የምታውቁ አላችሁ? ሁለተኛ፣ አክስቴ ከመንዝ በእጇ የፈተለችውን የበግ ሱፍ ልካልኛለች። ጥቁር ቡኒ ነው፣ ብዙ ነው። በሱ ልሥራለት? አክስቴ «ለብሶ ፎቶ ላኪልኝ» እያለች ነው።

ዱባይ_ላይ · ጥቅምት 9

እኔ እዚህ ኤሲ ከፍቼ ቁጭ ብዬ ስለ ሱፍ ሱሪ ሳነብ ላቤ መጣ ሃሃሃ። እግዜር ያሳድግልሽ እህቴ። ምክር የለኝም፣ ግን ውይይቱን እየተከታተልኩ ነው።

የመንዝ_ሰው · ጥቅምት 9

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ይሄ ምን ጥያቄ አለው? በአክስትሽ ሱፍ ሥሪለት እንጂ! የመንዝ በግ ሱፍ ነው አገሩን ከብርድ ያዳነው። ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ ከምን የተሠራ ይመስልሻል? እኛ በባና ተጠቅልለን ነው ያደግነው፣ ምንም አልሆንንም። የፈረንጅ ክር በብር ከምትገዢ እጅሽ ላይ ያለውን ተጠቀሚ።

ክር_በክር · ጥቅምት 10

እናት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ስዊድን ነኝ፣ ልጆቼንም የልጅ ልጆቼንም በሱፍ ነው ያሳደግኩት። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ክሩ ካልሆነ አሠራሩ ምንም አይጠቅምሽም።

የአክስትሽን ሱፍ ለሱሪው አታድርጊው።

የመንዝ_ሰው እንዳይቆጣኝ። የመንዝ ሱፍ ጥሩ ሱፍ ነው፣ ግን ሻካራ ነው። ለብርድ ልብስና ለምንጣፍ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የሱፍ ነገር በፀጉሩ ውፍረት ይወሰናል። ለሕፃን የሚሸጠው ጥሩ ሜሪኖ አንዷ ፀጉር 18 ወይም 19 ማይክሮን ገደማ ናት። ውፍረቱ ወደ 30 ሲደርስ የፀጉሩ ጫፍ ቆዳ ላይ አይተጣጠፍም፣ ይወጋል። የትልቅ ሰው ቆዳ ይችለዋል። የሦስት ወር ልጅ ግን «አሳከከኝ» ብሎ አይነግርሽም፣ ዝም ብሎ ያለቅሳል።

መሞከር ከፈለግሽ ክሩን ከመዳፍሽ ላይ ሳይሆን ከአንገትሽ ሥር ወይም ከክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሺው። መዳፍ ይዋሻል። አንገትሽን ከበላሽ ልጁንም ይበላዋል።

የመንዝ_ሰው · ጥቅምት 10

አልቆጣሁም እትዬ። ግን እኛስ እንዴት አደግን ታዲያ?

ክር_በክር · ጥቅምት 10

እናትህን ጠይቃት። ባናው ከላይ ነበር። ገላህን የነካው ያረጀ፣ የለሰለሰ ነጠላ ነው። እናቶቻችን ያውቁበታል።

የመንዝ_ሰው · ጥቅምት 10

ይሄ እውነት ነው። አፌን ያዝኩ።

ሚኒሶታ_ነኝ · ጥቅምት 10

ለአክስትሽ ሱፍ ሐሳብ አለኝ። ኖርዌዮች ሕፃኑን በጋሪ ውጭ ያስተኙ የለ? ከጋሪው ፍራሽ ላይ የበግ ቆዳ ያነጥፋሉ። አንቺም በዚያ ሱፍ በወፍራም መርፌ አራት ማዕዘን ምንጣፍ ነገር ሥሪና ከሥሩ አንጥፊለት፣ ከላይ አንሶላ። ሻካራነቱ አይነካውም፣ ሙቀቱ ግን ይደርሰዋል። አክስትሽም ፎቶዋን ታገኛለች። በከንቱ የመጣ ሱፍ የለም።

ብል ብቻ ተጠንቀቂ። በእጅ የተፈተለ ሱፍ ስብ አለበት፣ ብል ይወደዋል። ሳታጥቢ ቁምሳጥን ውስጥ እንዳታስቀምጪው፣ የባልሽን ካፖርት ጭምር ይበላልሻል።

እናት_በኦስሎ · ጥቅምት 10

በጣም ነው የማመሰግናችሁ! ክንዴ ላይ አሸሁት፣ ቀላ። ስለዚህ ለጋሪው ይሁን። እትዬ ክር_በክር፣ እባክዎ አሠራሩን ይንገሩኝ። ሱቅ ሄጄ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ክር_በክር · ጥቅምት 11

«አንቺ» በይኝ ልጄ፣ እዚህ ስዊድን ሁሉም «አንቺ» ነው የሚለኝ፣ ለምጃለሁ።

የሜሪኖ ክር ግዢ። 50 ግራሙ 175 ሜትር የሚሆነውን ቀጭን ክር። አገርሽ ድሮፕስ ቤቢ ሜሪኖ የሚባል አለ፣ ልክ ይኸው ነው፤ ሳንድነስ የሚባለው የክር ፋብሪካም ላኔት የሚባል አለው። ሁለት ጥቅል ይበቃሻል። ሁለቱም ጥቅል ላይ ወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም ቁጥር ብቻ ሳይሆን የነከራ ቁጥሩም (Lot የሚለው) አንድ መሆኑን እይ። ቀለሙ በየጊዜው ሲነከር ትንሽ ይለያያል፣ ሱቅ ውስጥ አይታይሽም፣ ሁለቱ እግር ተጋጥሞ ሲሰፋ ነው የሚታይሽ።

መርፌ 3 ሚሊ ሜትር፣ የቀርከሃ ይሁን። የብረቱ ይንሸራተታል፣ ለጀማሪ ቀለበቱ፣ ማለት መርፌው ላይ የሚደረደረው የክር ዙር፣ እየሾለከ ያስቸግራል።

አሁን አሠራሩ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አብዛኞቹ በክብ መርፌ ዙሪያውን የሚሠሩ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ተይው። የኔ ሁለት አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ቁራጭና አንዲት ትንሽ ካሬ ናት። ልኩ ከ3 እስከ 6 ወር ላለ ልጅ ነው፣ እዚያ 68 የሚሉት።

56 ቀለበት ጀምሪ። አንድ ቀጥ (ክሩ ከመርፌው ኋላ ሆኖ የሚሠራ ቀለበት) አንድ ግልብጥ (ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራ) እያልሽ 5 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ሥሪ፣ ላስቲክ የምልሽ የሚለጠጠውን የሹራብ ጠርዝ ነው። ይሄ ወገቡ ነው። ከዚያ አንዱን መስመር በሙሉ ቀጥ፣ ተመላሹን በሙሉ ግልብጥ እያደረግሽ 15 ሳንቲ ሜትር ውረጂ። እዚህ ጋ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ሌላ ቀለም ክር እሰሪበት፣ ምልክት ነው። እንዲሁ ሌላ 15 ሳንቲ ሜትር ውረጂ። አሁን ቁርጭምጭሚት ጋ ደረስሽ፣ መቀነስ አለብሽ፦ ሁለት ቀጥ፣ ቀጥሎ ሁለቱን ቀለበት አንድ ላይ ወግተሽ አንድ አድርጊ። ይህንን 14 ጊዜ ስትደጋግሚ መስመሩ ያልቃል፣ 42 ቀለበት ይቀርሻል። በ42ቱ 5 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ሠርተሽ ላላ አድርገሽ ዝጊ።

ሁለተኛውን እግር እንዲሁ። ግራና ቀኝ የለውም፣ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ካሬዋ 16 ቀለበት ናት፣ 22 መስመር። ስለ እሷ በኋላ እነግርሻለሁ፣ ሱሪው ሱሪ የሚሆነው በሷ ነው።

ግን ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት መሞከሪያ ቁራጭ ሥሪ። 30 ቀለበት ጀምረሽ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ውረጂ፣ እጠቢው፣ አስተኝተሽ አድርቂው፣ ከዚያ መሃሉን በማስመሪያ ለኪ። 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 24 ቀለበት መኖር አለበት።

የመንዝ_ሰው · ጥቅምት 11

መሞከሪያውን ብትዘለውስ? ጊዜ ማባከን አይሆንም?

ክር_በክር · ጥቅምት 11

በቁጥር ላሳይህ። ሁለቱ እግር ሲደመር 112 ቀለበት ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር 24 ቢሆን ዙሪያው 46 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይመጣል፣ ዳይፐር ላረገ ልጅ ልክ ነው። እጇ ላላ ብሎ በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ቢሆንስ? 56 ሳንቲ ሜትር። ለሁለት ዓመት ልጅም ይሰፋል። አንድ ምሽት ለመቆጠብ ብላ ስንት ምሽት ትፈታለች።

20 ከመጣ መርፌውን ወደ 2.5 ዝቅ ታደርጋለች። 28 ከመጣ ከፍ ታደርጋለች። «እጄን ላጥብቅ» ማለት አይሠራም፣ እጅ ከጥቂት መስመር በኋላ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

የሰፈር_ሹራበኛ · ጥቅምት 11

ወንድ ነኝ።  እኔ ልጅ ሆኜ ሹራብ የሠራሁት የብስክሌት ጎማ ሽቦ አሹለን ነው። ሰፈር ውስጥ ሹራብ የሚሠራ ወንድ ብርቅ አልነበረም፣ በየማረሚያ ቤቱም እስካሁን የሚያምር ሹራብ የሚሠሩ ወንዶች ናቸው። እና «የሴት ሥራ» የሚል እዚህ እንዳይመጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዳንቴል ስለምትችል። ክሩን በግራ እጅሽ ነው የምትይዢው አይደል? በሹራብም እንደዚያው ያዢ። ዩቲዩብ ላይ ብዙዎቹ ክሩን በቀኝ እጅ ይዘው በየቀለበቱ ዙሪያ እያዞሩ ሲወረውሩት ታያለሽ። እሱን ልማር ብለሽ እንዳትደክሚ። ክሩ በግራ ጣትሽ ላይ ተወጥሮ ይቁም፣ ቀኝ መርፌው እንደ ኪሮሹ ሄዶ ያምጣው። ኖርዌዮቹም የሚሠሩት እንደዚያ ነው፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የምታሳይሽ ሴትም በዚያው ታሳይሻለች።

ቀጥ ሲሆን ክሩ ከመርፌው ኋላ ነው፣ ግልብጥ ሲሆን ከፊት። ላስቲክ ስትሠሪ በየቀለበቱ መሃል ክሩ በሁለቱ መርፌ መካከል ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይመላለሳል። በመርፌው ላይ ዘሎ አይደለም፣ በመካከል ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳተው።

እናት_በኦስሎ · ጥቅምት 15

ክሩን ገዛሁ። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ። መሞከሪያውን ሠርቼ 23 ከምናምን መጣልኝ፣ ጥሩ ነው አይደል?

አሁን የመጀመሪያው እግር ላይ ነኝ። ግን ጉድ ነው የሆነው። በ56 ጀምሬ አሁን ስቆጥረው 61 ነው። ማን ጨመረው? ባሌ «ተባረከ» ይላል።

የሰፈር_ሹራበኛ · ጥቅምት 15

ሃሃ፣ ያልኩሽ ነው። ወይ ላስቲኩ ላይ ክሩ በመርፌው ላይ ዘሎ አልፏል፣ እያንዳንዱ ዝላይ አንድ ቀለበት ይወልዳል። ከሥሩ ቀዳዳ ታያለሽ፣ እሱ ነው ምልክቱ። ወይ ደግሞ መስመር ስትጀምሪ ክሩን ወደ ላይ ስበሽ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ታሳልፊዋለሽ። ያኔ የመጀመሪያው ቀለበት ሁለት እግሩ ተነስቶ ሁለት ቀለበት ይመስላል፣ አንቺም ሁለት ጊዜ ትወጊዋለሽ። መስመር ስትጀምሪ ክሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ መሆኑን እይ።

ጭማሪው የት እንዳለ እይው። ጠርዝ ላይ ከሆነ ሁለተኛው ነው፣ መሃል ላይ ቀዳዳ ካለ የመጀመሪያው።

ሚኒሶታ_ነኝ · ጥቅምት 15

በየመስመሩ መጨረሻ ቁጠሪ። ለጊዜው ብቻ ነው፣ ቆይቶ ዓይንሽ ራሱ ያያል። 23 ከምናምኑ ደህና ነው፣ ትንሽ ሰፋ ይልለታል እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ይደግልሽ፣ ያድግበታል።

እናት_በኦስሎ · ጥቅምት 15

ጠርዝ ላይ ነው! በሁለቱም ጠርዝ። ፈታሁት፣ ከወገቡ ጀመርኩ። አሁን 56ቱ 56 ናቸው።

ሌላ ነገር ደግሞ፣ ከላስቲኩ በታች ያለው ጨርቅ ዝም ብሎ ይጠቀለላል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። የሠራሁት ተበላሽቶ ነው?

ክር_በክር · ጥቅምት 16

አልተበላሸም። በአንድ ፊት ቀጥ፣ በሌላ ፊት ግልብጥ የሆነ ሥራ ሁልጊዜ ይጠቀለላል፣ ጠባዩ ነው። ፊቱ የስንዴ ዛላ የመሰለው፣ ጀርባው እብጥ እብጥ ያለው ሆኖ ካየሽው ትክክል ነው። ሲሰፋ ይቀመጣል። ከመስፋትሽ በፊት ሁሉንም ቁራጭ ለብ ባለ ውኃ ንከሪ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ውኃውን ጭመቂ፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በልኩ ዘርግተሽ አድርቂ። ገመድ ላይ አትስቀይ፣ በራሱ ክብደት ተጎትቶ ረጅም ይሆናል።

አዲስ_አበባ_ጀሞ · ጥቅምት 16

እኔም ልሥራ ብዬ ነበር፣ እዚህ ጥቅምትና ኅዳር ማታ ብርዱ ቀላል አይደለም። ግን መርካቶም ፒያሳም «ሱፍ ነው» ብለው የሚሸጡልኝ ክር ሱፍ አልመሰለኝም። እንዴት ልወቅ?

ክር_በክር · ጥቅምት 16

ትንሽ ቁራጭ ክር በመቆንጠጫ ይዘሽ በክብሪት አቃጥዪው፣ ማጠቢያ ገንዳ ላይ። ሱፍ ከሆነ በቀላሉ አይነድም፣ እሳቱን ስታርቂው ወዲያው ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱን በጣትሽ ስትነኪው ይፈረፈራል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጣል፣ ጫፉ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል፣ ሽታውም የላስቲክ ነው።

አብዛኛው ገበያ ላይ ያለው አክሪሊክ ነው። ለስላሳ ነው፣ ይታጠባል፣ ዋጋውም ይሻላል፣ ለትልቅ ሰው ሹራብ ምንም አይልም። ለሕፃን ከሥር ለሚለበስ ግን አልወደውም። ሱፍ ክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ሳብ አድርጎ ደረቅ ይመስላል። አክሪሊክ እርጥበቱን ቆዳው ላይ ይተወዋል፣ ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ቆይቶ ይበርደዋል። አዲስ አበባ ከሆንሽ ጥሩ የጥጥ ክር ፈልጊና በሱ ሥሪለት፣ ሌሊት ብርድ ልብስ አለ። የኦስሎ ብርድ ሌላ ነው።

አዲስ_አበባ_ጀሞ · ጥቅምት 17

አቃጠልኩት። ቀለጠ። ባለሱቁን ብቻ ነው የማዝነው፣ እንዴት አድርጎ ነው በማርያም የማለልኝ። ለጥጡ አመሰግናለሁ።

ሚኒሶታ_ነኝ · ጥቅምት 17

ስለ እርጥበት ካነሳችሁ አይቀር። እኔ ልጆቼን በጨርቅ ዳይፐር ነው ያሳደግኩት፣ ከላዩ ላይ ፕላስቲክ ሳይሆን የሱፍ ሱሪ ነበር። ሱፉን ላኖሊን በሚባለው የሱፍ ስብ ነክረሽ ታደርቂዋለሽ። ላኖሊኑ ውኃውን ይመልሳል፣ ሱፉ ደግሞ እንፋሎቱን ያስወጣል፣ ልጁ ቂጡ አይቀላም። ፋርማሲ ለሚያጠባ ጡት የሚሸጡት ላኖሊን ራሱ ይሆናል። የአተር ፍሬ የሚያህል ሙቅ ውኃ ውስጥ ከሁለት ጠብታ የሕፃን ሳሙና ጋር አሟሚና ሱሪውን ንከሪ።

ግን የጨርቅ ዳይፐር ወፍራም ነው፣ እናት_በኦስሎ ለዚያ ብትሠራው 56ቱን 62 ማድረግ ነበረባት። ከሱቅ የሚገዛው ዳይፐር ከሆነ ያው ልክ ነው።

ደግሞ ለመቀመጫው ከኋላ በኩል ከፍ ማድረግ አለባት። ከኋላ ጥቂት መስመር መሃል ድረስ ሄዶ እየዞሩ መመለስ ነው፣ ወገቡ ከጀርባ አይወርድም።

ክር_በክር · ጥቅምት 17

እውነትሽን ነው፣ ያምራል። ግን ለመጀመሪያዋ ሱሪ አልነግራትም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። መሃል ላይ ዞሮ መመለስ ቀዳዳ ይተዋል፣ ቀዳዳውን መዝጋት ሌላ ትምህርት ነው። ካሬዋ ትበቃታለች።

ሚኒሶታ_ነኝ · ጥቅምት 17

ካሬዋ ለብሽሽት እንጂ ለጀርባ አትሆንም እኮ። የኔ ልጅ ሲድህ ሱሪው ከኋላ እየወረደ ወገቡ ገላልጦ ይታይ ነበር።

ክር_በክር · ጥቅምት 17

ይሄኛው በሦስት ወሩ አይድህም። ሲድህ ሁለተኛውን ትሠራለታለች፣ ያኔ አስተምሪያት።

እናት_በኦስሎ · ጥቅምት 24

ሁለቱም እግር አለቀ!!! ካሬዋም። ነከርኩ፣ አደረቅኩ። አሁን ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ሱሪ ግን አይመስልም። ካሬዋን የት ነው የማገባት?

አንድ ቀለበት ደግሞ መሃል ላይ አምልጦኝ መሰላል ሠርቶ ወርዶ ነበር። ኪሮሽ አስገብቼ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ መለስኩት፣ ምንም አልታወቀም። ዳንቴሉ እዚህ ጋ ጠቀመኝ።

ክር_በክር · ጥቅምት 24

ጎበዝ! አሁን ተከተዪኝ። ጠረጴዛው ላይ እያየሽ አንብቢው።

ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ፊታቸው ወደ አንቺ። ወገባቸው ወደ ላይ። በመሃል የሚገናኙትን ሁለት ጠርዞች ከወገብ ጀምረሽ ምልክት ክር ያሰርሽበት ድረስ ብቻ ስፊ። ይሄ የፊቱ መሃል ነው። ቀጥሎ የቀሩትን ሁለት የውጭ ጠርዞች ወደ ኋላ አዙረሽ እንዲሁ ከወገብ እስከ ምልክቱ ስፊ። ይሄ የኋላው መሃል። አሁን ሁለት እግሩ ያልተሰፋ፣ ወገቡ የተዘጋ ነገር አለሽ።

ካሬዋን ዲያመንድ አድርገሽ፣ ማለት አንዷን ማዕዘን ወደ ላይ አድርገሽ ያዢ። አንዷ ማዕዘን የፊቱ ስፌት ያለቀበት ምልክት ላይ ትግባ። ፊት ለፊቷ ያለችው ማዕዘን የኋላው ስፌት ያለቀበት ላይ። አራቱን የካሬዋን ጎን ከእግሮቹ ጠርዝ ጋር ስፊ። የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች አንዷ ወደ ቀኝ እግር፣ አንዷ ወደ ግራ እግር ውስጥ ትወርዳለች። ከነሱ ጫፍ ጀምረሽ የእግሩን ውስጠኛ ስፌት እስከ ቁርጭምጭሚት ዝጊ። አለቀ።

ካሬዋ ከሌለች አራት ስፌት አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፣ እሱም ልክ ልጁ ብሽሽት ላይ። እግሩን ባነሳ ቁጥር ይወጥረዋል፣ ዳይፐሩንም ይጨምቀዋል፣ ከዚያ የሚፈሰውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ካሬዋ እግሩን ወደ ጎን ለመክፈት ቦታ ትሰጠዋለች።

አሰፋፉ፦ ጫፏ ደንዛዛ የሆነ ወፍራም መርፌ ያዢ። ቁራጮቹን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገሽ አጋጥሚ። ጠርዝ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ቀለበትና ሁለተኛውን ቀስ ብለሽ ስትለያዪአቸው በመካከላቸው አግድም የተጋደመች ክር ታያለሽ። አንዷን ከቀኝ፣ አንዷን ከግራ እያነሳሽ ሂጂ። አራት አምስት ካነሳሽ በኋላ ክሩን ሳቢው፣ ስፌቱ ይጠፋል። ጥብቅ አታድርጊው፣ እንደ ሹራቡ መለጠጥ አለበት።

እናት_በኦስሎ · ጥቅምት 25

ካሬዋ ገባች! ሱሪ ሆነ። እንዲያው ማመን አቃተኝ። ወገቡስ? ገመድ ላስገባበት ወይስ ላስቲክ?

የሰፈር_ሹራበኛ · ጥቅምት 25

ላስቲክ። የወገቡን 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ለሁለት አጥፊና ከታች በኩል ላላ አድርገሽ ስፊው፣ ትንሽ ቦታ ክፍት ተዪ። 2 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ አስገቢ። የላስቲኩን ልክ ከጭንቅላትሽ አታውጪ፣ ዳይፐር አድርጎ ልጁ ወገብ ላይ ለኪና 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቀንሺ። ሆዱ ላይ ቀይ መስመር ከተወ ጠብቋል።

የሚንጠለጠል ረጅም ገመድ ለሕፃን አይሆንም፣ ይጠላለፋል። ቁልፍና ፖምፖም ነገርም ተይ፣ ነቅሎ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው።

ክር_በክር · ጥቅምት 25

ከውስጥ ያለውን የክር ጫፍ ሁሉ ስፌቱ ውስጥ አስገብተሽ ደብቂ፣ ዝም ብለሽ ቆርጠሽ አትተዪ። በተለይ ቁርጭምጭሚቱ ጋ። የተለቀቀ ክር የሕፃን ጣት ላይ ዞሮ ደም ሊያስር ይችላል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ምክንያቱ ካልሲ ውስጥ ተደብቆ አይታይም። ባለበስሽው ቁጥር ወደ ውጭ ገልብጠሽ አንድ ጊዜ እይው።

የመንዝ_ሰው · ጥቅምት 26

እኔ ደግሞ ይህን ውይይት ሳነብ ከርሜ ለእናቴ ደወልኩ። ነጠላው እውነት ነው አለችኝ። ደግሞም «ሱፉን ሦስት ጊዜ ሳላጥብ ልጅ አጠገብ አላቀርብም ነበር» አለች። የጋሪውን ምንጣፍ ከመሥራትሽ በፊት እጠቢው እህቴ።

እናት_በኦስሎ · ጥቅምት 26

እሺ አጥበዋለሁ። በሙቅ ውኃ ይሁን?

ክር_በክር · ጥቅምት 26

ለብ ባለ። ሙቅ ውኃና ማሸት አንድ ላይ ከሆኑ ሱፍ ይጣበቃል፣ ይሸማቀቃል፣ ወደ ልኩ አይመለስም። ዘፍዝፈሽ ሳትነካኪው ተዪው፣ ውኃውን ቀይሪ፣ እንደገና ዘፍዝፊ። ውኃው ሲጠራ በቃ። ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ስትቀይሪም ሙቀታቸው ተቀራራቢ ይሁን።

አረንጓዴው ሱሪ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ማሽን ይችላል ካለ በሱፍ ፕሮግራም 30 ዲግሪ ይታጠባል። የሱፍ ሳሙና ግዢ። ተራው የልብስ ሳሙና ብዙ ጊዜ የሥጋና የእንቁላል እድፍ የሚበላ ኢንዛይም አለበት፣ ሱፍም ከነሱ ወገን ነው፣ እየበላ ያሳሳዋል። በየቀኑም አይታጠብ። ካልቆሸሸ ሌሊቱን መስኮት አጠገብ አናፍሺው፣ ሽታው ይሄዳል።

እናት_በኦስሎ · ኅዳር 3

ለበሰው። ጤና ጣቢያ ይዤው ሄጄ ነበር፣ ነርሷ ገልጣ አየችና ካሬዋን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «ማን ነው የሠራው?» አለችኝ። እግሩ ትንሽ ረዝሞበታል፣ የቁርጭምጭሚቱን ላስቲክ አንዴ አጥፌዋለሁ። የአክስቴ ሱፍ ታጥቦ ደርቋል፣ ምንጣፉን በ8 ቁጥር መርፌ ጀምሬያለሁ። ለአክስቴ የሱሪውን ፎቶ ስልክላት «ይሄ የኔ ሱፍ አይደለም» አለች ወዲያው።

ሚኒሶታ_ነኝ፣ ያ መሃል ላይ ዞሮ የሚመለሰው እንዴት ነበር? አሁን በሆዱ መገልበጥ ጀምሯል፣ ሁለተኛውን ለ80 ቁጥር ልጀምር ነው።

ሚኒሶታ_ነኝ · ኅዳር 3

በመጨረሻ! ነገ ማታ በፎቶ እያደረግኩ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ክሩን ግዢ፣ ለ80 ቁጥር ሁለት ጥቅል አይበቃም፣ ሦስት ያዢ። የነከራ ቁጥሩን አትርሺ።

ዱባይ_ላይ · ኅዳር 4

እኔም የጥጥ ክር ገዝቻለሁ። ሱሪው በጥጥ ሲሠራ 56ቱ ይቀየራል?

ክር_በክር · ኅዳር 4

መሞከሪያ ሥሪና ንገሪኝ።